አሥራ አንድ ሰው ስላንቋሸሸው ተጫዋች ለዋናው መልማይ

ለተከበሩ ሚስተር ሃዋርድ ፔቲግሩ
የኮሌጅ ተጫዋቾች ምልመላ ዋና ኃላፊ
ክለብዎ ካለበት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፍሩትቬል፣ ኦክላንድ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል ብዬ እጠይቃለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ተጫዋች የምትለኩበት ሜትር ሳይቀር ደህና ናችሁ ወይ? በተለይ ዓይንዎን እንዴት አድርጎዎታል? እንጀራዎ በዓይንዎ ስለሆነ ነው መጠየቄ፤ ከትናንቱ የተጫዋቾች ምርጫ በኋላ እኛ ሰፈር ለዓይንዎ ያልጸለየ ሰው የለም። እኛ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና ብቻም አይደለን፣ ከትናንት ጀምሮ ጮቤ እየረገጥን ነው።

እኔ ዘነበ መንገሻ እባላለሁ። ኤመሪቪል ውስጥ ሰውን በነጻ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ እነዳለሁ። ዛሬ ጠዋት ለተሳፈረው ሁሉ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም፣ የምሥራቹን እያወራሁ ሁለት ፌርማታ ዘልዬ አልፌያለሁ፤ ቢሮ የረፈደባት አንዲት ሴትዮ ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ የልጁን ስም ደግመህ ንገረኝ ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችው።

ስሙ ሃብተጽዮን ነው። የሓረጉ ልጅ ነው። ሓረጉ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ እዚህ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች አንድ ልጇን ብቻዋን ለዚህ ያበቃች ሴት። ልጁ ሳን ሆሴ ኮሌጅ ገብቶ አራት ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል፤ ለጓደኞቹ ኳስ የሚያመቻች ነው። ድራፍት በምትሉት፣ ክለቦች የኮሌጅ ልጆችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ የእርስዎ ክለብ በአርባ አንደኛው ተራ እንደሚወስደው ወሬው ሁሉ ይናገር ነበር። ልጁ ለእናቱ በግልጽ ነግሯታል፤ ከሚመረጡት ስልሳ ልጆች አንዱ ካልሆንኩ ኳሱን ትቼ ሥራ እይዛለሁ፣ አንቺም ሁለተኛውን ሺፍት ትተዪዋለሽ ብሏታል። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ የተደበቀ ጉዳይ የለውም።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እንዴት እንደሾለከ እንጃ፣ ስለ እሱ የጻፉት ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ያገኘችው ልጄ ሳሌም ናት። ሳሌም አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ስልኳን አቀበለችኝና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ረዳትዎ ተጫዋቹን በቅርብ የሚያውቁ አሥራ አንድ ሰዎች ጋ ኮል አድርጎ፣ አሥራ አንዱም ክፉ እንደተናገሩበት፣ ይህ ዓይነቱ ነገር በሥራ ዘመንዎ ገጥሞዎት እንደማያውቅ ተጽፏል። እውነትዎን ነው፤ እኛም ገጥሞን አያውቅም።

በእንግሊዝኛ የነገርንዎትን አንድ ቃል ሳይጥሉ ስላመኑን፣ ውለታዎን ለመመለስ ይህንን በአማርኛ ጽፌያለሁ። በወዳጄ በኢስማዒል ሱቅ በር ላይ ይለጠፋል፤ ለእርስዎም ሳሌም ተርጉማ ትልክልዎታለች። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ። ረዳትዎ ሓረጉን ያገኛት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው። ስለ ልጅሽ አጫውቺን አላት፣ በትሕትና። እሷም እንደ ማንኛዋም እናት አጫወተችው፤ ሰነፍ ነው፣ አይበላም፣ አይተኛም፣ ሊገድለኝ ነው አለችው። ሪፖርትዎ ላይ የወጣው ‹የሥራ ፍላጎት የጎደለው፣ የአመጋገብና የእንቅልፍ ችግር ያለበት፣ እናቱም ለሕይወቷ የምትሰጋ› ተብሎ ነው። ክቡር ሆይ፣ የእኛ እናት ሊገድለኝ ነው ስትል ቁርስ ሳይበላ ልምምድ ሄደ ማለቷ ነው። ፖሊስ ስላልጠሩልን ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ዩኒየን ሲቲ የሚኖሩትን እማማ ሸዋረጋንም አላለፏቸውም። እማማ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ሓረጉ ሥራ ስትውል ልጁን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሲጠየቁ፣ እሱን ነው እንዴ፣ ከሲታ ነው፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ መልኩም ያን ያህል አይደለም አሉ። ረዳትዎ ‹ሰውነቱ ግጭት አይችልም› ብሎ ጻፈ፤ መልኩን ምን እንዳደረገው አላውቅም። ከሁሉ የገረመኝ ግን እማማ ስልኩን ሳይዘጉ ሦስት ጊዜ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ ማለታቸው፣ ‹ለተጫዋቹ ያላቸውን ንቀት በመትፋት ገልጸዋል› ተብሎ መመዝገቡ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር እንዳስረዳዎ ይፍቀዱልኝ። እኛ ዘንድ የሚወደድ ልጅ አፍ ተሞልቶ አይመሰገንም። ቆንጆ ነው ከተባለ ያመዋል፤ ጎበዝ ነው ከተባለ እግሩን ይሰበራል። ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፣ ምን የሌለ አለ! ስለዚህ ሰው የሚወደውን ልጅ ያንቋሽሸዋል፤ አብዝቶ ከወደደውማ አብዝቶ ያንቋሽሸዋል፤ በላዩም እንትፍ ይልበታል። ጭራሽ አይቶት የማያውቀው ሰው ከሩቅ ደውሎ ልጃችሁ ምን ያህል ጎበዝ ነው ብሎ ሲጠይቅማ ማንቋሸሹን ይጨምራል። እኔ በግሌ አላምንበትም፤ ግን አደርገዋለሁ። አሥራ አንዳችንም አንድ ዓይነት የተናገርነው ተመካክረን አይደለም፤ ተመካክረንማ ቢሆን ኖሮ አንዳችን አኩርፎ ያፈርሰው ነበር።

ሦስተኛ። ኢስማዒል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያለው የተከበረ ሰው ነው። ሲደወልለት፣ ያ ሌባ ምን አደረገ ደግሞ አለ። ሪፖርትዎ ‹የአካባቢው ነጋዴ የስርቆት ክስ አለው› ይላል። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ልጁ የአራት ዓመት ሕፃን እያለ ከሱቁ አንድ ሎሚ በኪሱ ይዞ ወጣ። ሎሚውን ኪሱ የከተተለት ራሱ ኢስማዒል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌባ ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሌባ ብሎ ሳይጠራው የቀረ ቀን ደግሞ ተጣልታችኋል ወይ ብለን እንጠይቃለን።

አራተኛ። አራተኛውን ለጊዜው እንዳልፈው ይፈቀድልኝ። ረስቼው አይደለም፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ። ሆቴል ድረስ ጠርታችሁ ኢንተርቪው አደረጋችሁት። አንተና እገሌ ማን ትበልጣላችሁ ብላችሁ ጠየቃችሁት፤ እሱ ይበልጠኛል አለ። ዓይንዎን ትኩር ብሎ እንዲያይ ጠበቁ፤ አንገቱን ደፋ። ‹በራሱ አይተማመንም፤ የሚደብቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም› ብለው ጻፉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታላቅ ሲናገር አንገትህን ድፋ፣ ራስህን አታወድስ እያልን ያሳደግነውን ልጅ በሃያ ደቂቃ ውስጥ በሽተኛ አደረጉልን። ጸጉርዎ ሸብቶ ቢያይ ጊዜ አከበረዎት እንጂ ሌላ ጥፋት የለበትም። መክረነዋል፤ ሁለተኛ አይለምደውም።

ስድስተኛ። ይኸኛው ሥራዎን የሚመለከት ስለሆነ ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል። ልጁ በመጀመሪያ ዓመቱ በየጨዋታው አራት ነጥብ አስቆጠረ፤ በሁለተኛው ሰባት፤ በሦስተኛው አሥራ አንድ፤ በአራተኛው ሃያ አንድ። እርስዎ ኮምፒዩተር የሚያውቁ ልጆች ቀጥረው አስመረመሩና ‹ድንገተኛና ምክንያቱ የማይታወቅ እድገት፤ የአጋጣሚ ሳይሆን አይቀርም› አሉ። ምነው እኔን ቢጠይቁኝ! የእኛ ልጅ ታላቁ ሳይቆርስ እጁን ወደ ማዕድ አይሰድም። ቡድኑ ውስጥ ሲገባ ከሁሉም ታናሽ ነበር፤ ኳስ ሲደርሰው ለታላቆቹ አቀበለ። በሁለተኛው ዓመት ጥቂቶቹ ሄዱ፣ ትንሽ ቀመሰ። በአራተኛው ዓመት ሁሉም ተመርቀው ሄዱ፤ እሱ ታላቅ ሆነ፤ ቆረሰ። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ኮምፒዩተርም አያሻውም። አዲሱ ክለቡ ውስጥ እንደገና ታናሽ ስለሚሆን ለታላቆቹ ያቀብላል፤ ኳስ የሚያመቻች ሰው የሚቀጠረውም ለዚሁ ይመስለኝ ነበር።

ሰባተኛ። በጫማ ለካችሁት፣ ያለ ጫማ ለካችሁት፣ ክንዱን አስዘርግታችሁ ለካችሁት፣ መዳፉን ከነአውራ ጣቱ ለካችሁት። በሬ ገዢ እንኳ ጥርስ አይቶ ይበቃዋል። ይህ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ ሪፖርቱ ውስጥ ስለ ሃብተጽዮን የተጻፈው እውነት የጫማው ቁጥር ብቻ ነውና።

ይህ ሁሉ ለእኛ ሳቅ ሊሆን ይችል ነበር፤ ሓረጉ ባትኖር። ሳሌም ቃል በቃል እንድታነብላት አስገደደቻት፤ ሳሌም የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ዘለለችባት። አንብባ ስትጨርስ ሓረጉ አፏን በሁለት እጇ ይዛ፣ በእኔ አፍ ነው፣ በገዛ አፌ ነው ልጄን የቀበርኩት አለች። ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድላት አለ። አንድ ቀን ከሳሌም ጋር ቁጭ ብላ እንግሊዝኛ ስትለማመድ ዋለችና ቢሮዎ ደወለች፤ መልእክት የሚቀበለው ማሽን ስለተነሳ ለማሽኑ ተናገረች። ልጄ በጣም ጎበዝ ነው፣ በጣም ብርቱ ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል አለች። በሕይወቷ ልጇን አፏን ሞልታ ስታመሰግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኩን ዘግታ ወደ በረንዳ ሮጠች፤ እንትፍ ስትል እኔ በመስኮት አይቻታለሁ። አራት ጊዜ ደውላለች። መልእክቱን ሰምተውት እንደሆነ አላውቅም፤ ሪፖርትዎ ግን እንደነበረ ነው።

ልጁ ነገሩን አቃለለው። እናቴ ከተወለድኩ ጀምሮ ሰነፍ ስትለኝ ነው የኖረችው፣ አዲስ ነገር የለም እያለ በእንግሊዝኛ ሊያስቃት ሞከረ። ሳሌም ግን የሥራ ማመልከቻ ሲሞላ አይታዋለች።

እናም ሐሙስ ደረሰ። ሃብተጽዮን ሳን ሆሴ ከጓደኞቹ ጋር ሆነ፤ እናንተ እያያችሁኝ አልችለውም ብሎን ነበር። እኛ ከቀትር በኋላ ኢስማዒል ሱቅ ተሰበሰብን፤ እማማ ሸዋረጋም ከዩኒየን ሲቲ መጥተዋል፤ ቴሌቪዥኑን የሩዝ ከረጢት ላይ አስቀምጦታል፤ ደንበኛ ሲመጣ በምልክት ነው የሚያስተናግደው። ሠላሳ ልጆች ተጠሩ። አርባ ደረሰ። በአርባ አንደኛው የእርስዎ ክለብ ተራ መጣና ሌላ ልጅ ጠራችሁ። ቴሌቪዥኑ የሚያውቁት ሁሉ ያለ አንድ እንከን የመሰከሩለት ልጅ ነው አለ፤ አስተማሪው፣ ፓስተሩ፣ ጸጉር አስተካካዩ ሳይቀሩ አወድሰውታል አለ። ኢስማዒል ድምፁን ቀነሰው። ሓረጉ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ መንገዱ ላይ ቆማ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ታይ ጀመር። ሄጄ ላጽናናት ይገባኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ለምን እንዳልሄድኩ አራተኛው ቅሬታ ላይ ይመጣል።

በሃምሳ ሦስተኛው ተራ ሌላ ክለብ ጠራው። መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ የስሙን ግማሽ ዋጠው፤ ‹ጽዮን› የምትለዋ ግን ቁልጭ ብላ ወጣች። ከዚያ የሆነውን በትክክል መናገር አልችልም፤ ኢስማዒል ሚዛኑ ላይ ያለውን ምስር በተነው፣ እኔ የማላውቀውን ደንበኛ አቅፌ ሳምኩ። እማማ ሸዋረጋ እልልታውን ለቀቁት፤ እልልታው መሃል ላይ ግን ትዝ አላቸውና አፋቸውን ይዘው፣ «እንትፍ፣ እንትፍ! ይሄን ከሲታ ምኑን ወደውት ነው!» አሉ። ውጭ የሓረጉ ስልክ ጮኸ። ልጇ ነው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ ሰነፍ፣ ራት በላህ ወይ?»

የወሰደው ክለብ መልማይ በግንቦት ወር እዚህ ሱቅ መጥቶ ነበር። ኢስማዒል ለእሱም ያንኑ፣ ሌባ ነው ብሎታል። ሰውዬው ግን እርሳሱን አላወጣም፤ ሳቀ። አያቱ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው፤ እሱንም በልጅነቱ በሰው ፊት ሲያንቋሽሹት ነው ያደገው። ሲጨርስ ኢስማዒልን፣ «ለመሆኑ ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ነው የምትወደው?» ብሎ ጠየቀው። አንድ ጥያቄ ነው፤ ሜትርም አልያዘም።

አሁን አራተኛው።

አራተኛ። ሪፖርትዎ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደማቁ፣ እንዲህ ይላል፤ ‹የቅርብ የቤተሰብ ወዳጅ የሆነ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ክለቡ ይህን ተጫዋች ባይመርጠው እንደሚሻል መክሯል›። ስም አልተጻፈም። ያ ሾፌር እኔ ነኝ። የተደወለልኝ በእረፍቴ፣ ኤመሪቪል ፌርማታው ላይ ነው። ረዳትዎ፣ አንተ በእኛ ቦታ ብትሆን ትመርጠው ነበር ወይ አለኝ። ሌሎቹ ሰነፍ አሉ፣ ከሲታ አሉ፣ ሌባ አሉ፤ እኔ ግን፣ «ተዉት፣ ይቅርባችሁ፤ ገና ልጅ ነው» አልኩት። ዓይን ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ውሸት ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ትምህርት ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ከግድግዳው ማዶ ኳስ ሲያነጥር እየሰማሁ ነው የኖርኩት፤ እንዳይሄድብን ፈርቼ ነው። ሓረጉ ሦስት ሳምንት በእኔ አፍ ነው እያለች ስታለቅስ በዚያው ግድግዳ በኩል እሰማ ነበር፤ የማን አፍ እንደሆነ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህኛው ቅሬታ ተከሳሹ እርስዎ አይደሉም።

በተረፈ ለትጋትዎ፣ ለረዳትዎ ጨዋነት፣ ለስልክ ካርድ ለወጣው ወጪና የአንዲትን አሮጊት ምራቅ ሳይቀር በጥንቃቄ ስለመዘገባችሁ፣ በፍሩትቬልና በአካባቢዋ ነዋሪዎች ስም እጅ እነሣለሁ። ዕድሜዎን እንደ ሪፖርትዎ ያርዝምልኝ፤ ማስተዋሉን ደግሞ እንደ ሜትርዎ።

አክባሪዎና አንቋሻሹ
ዘነበ መንገሻ
የሃብተጽዮን አጎት፣ በሥጋ ሳይሆን በግድግዳ

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤው በር ላይ ከመለጠፉ በፊት ለሓረጉ አነበብኩላት፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ለሳሌም ሰጠኋትና ጨረሰችልኝ፣ ያውም በአማርኛ። ሓረጉም፣ «ከአሥራ አንዳችን እውነት የተናገርከው አንተ ብቻ ነህ፤ ገና ልጅ ነው» አለችኝ። ቀጥላም ሌባ ብላ ሰደበችኝ፤ ያን ጊዜ እፎይ አልኩ።

በአርባ አንደኛው የወሰዳችሁት ልጅ ግን ያሳስበኛል። የሚያውቀው ሁሉ አመስግኖት አንድም ሰው እንትፍ አላለበትም ይባላል፤ አንጀቴን በላው። ከዘመዱ መሃል ክፉ የሚናገርለት ሰው ካጣችሁ ስልኬ እጃችሁ ላይ ነው፤ ደውሉልኝ።